ዘር ከልጓም ይስባል፦ ከአገጭ ወደ አናት የሚሻገረው ጸጉር ታሪክ

ባለፈው ሰሞን ገለምሶ ውስጥ በርጫ ላይ ተቀምጠን ወሬው ከጫት ዋጋ ተነስቶ፣ በዶላር ምንዛሪ በኩል ዞሮ፣ መጨረሻ ላይ አንድ ወጣት ስልክ ላይ አረፈ። ወጣቱ ዘመዱ የላከለትን ፎቶ እያዞረ ያሳያል። ዘመድየው ኢስታንቡል ሄዶ ጸጉር አስተክሏል። ትናንት ግንባሩና አናቱ አንድ ሜዳ የነበረ ሰው ዛሬ ጸጉሩን ወደ ጎን ያበጥራል። እስከዚህ ድረስ ማንም አልተገረመም፤ ወደ ቱርክ ሄዶ ጸጉር ማስተከል አሁን አሁን የተለመደ ወሬ ነው። የተገረምነው ወጣቱ "መሀል አናቱ ላይ ያለው ግን የጺሙ ነው" ሲል ነው።

"አቦ ተወን!" አለ አንዱ። "ጺም አናት ላይ ይበቅላል እንዴ?"

ጥግ ይዘው የተቀመጡ፣ ጺማቸውን በሂና ያቀሉ አንድ አባት ፈገግ አሉና ጺማቸውን ዳበስ አደረጉ። "ልጄ፣ እኛ ራሳችንን ተላጭተን ጺማችንን እናሳድግ ነበር። እናንተ ደግሞ ጺማችሁን ነቅላችሁ ለራሳችሁ ትሰጣላችሁ። ዘመኑ ተገለበጠ በለኛ!" አሉ።

ሁሉም ሳቀ፣ እኔም ሳቅሁ። ጥያቄው ግን አልለቀቀኝም። ከዚያ ቀን ወዲህ ስለዚህ ጉዳይ ያገኘሁትን ሁሉ ሳነብ ሰነበትኩ። የጠበቅሁት የውበት ክሊኒክ ማስታወቂያ ነበር። ያገኘሁት ግን በሥጋ ደዌ፣ በጦርነትና በሆርሞን በኩል የሚያልፍ፣ መሀል ላይም ሐረርጌን ራሷን የሚነካ ታሪክ ነው። የቻናላችን ተከታታዮች እስከ መጨረሻው ታነቡት ዘንድ እጋብዛለሁ። ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ጺምና ጸጉር በእኛ አገር

አባታችን የተናገሩት ቀልድ ብቻ አይደለም። በጨርጨር ደጋ፣ በተለይ በሙስሊሙ ማኅበረሰብ ዘንድ፣ የራስ ጸጉር የሚሰጥ ነገር ነው። ሕፃን በተወለደ በሰባተኛው ቀን ጸጉሩ ይላጫል። ሐጅ የሄደ ሰው ሥርዓቱን ሲፈጽም ራሱን ይላጫል ወይም ጸጉሩን ያሳጥራል። ከመካ የተመለሰ ሐጂ የተላጨ ራሱን ይዞ ገበያ ሲገባ ማንም "ምነው ጸጉርህ?" አይለውም። እንዲያውም የተላጨው ራስ የክብር ምልክት ነው። ጺም ግን የሚጠበቅ ነው። ሁለት ቤተሰብ ተጣልቶ ሽማግሌ ሲቀመጥ፣ ደም ሊደርቅ ሲታሰብ፣ መሀል የሚገባው ሰው ጺም ንግግሩን ያከብድለታል። ሸበቶውን በሂና የሚያቀላው አባት ጌጥ ፈልጎ ብቻ አይደለም፤ ዕድሜውንና ሃይማኖቱን ፊቱ ላይ ተሸክሞ ነው የሚሄደው።

ከጨርጨር ተራሮች ወርዳችሁ ወደ አዋሽ ሸለቆ ስትገቡ ነገሩ ይለወጣል። እዚያ የከረዩ ወጣቶች ጉንፉራ አለ፤ ክብ ሆኖ የተከረከመ፣ ቅቤ የጠጣ፣ ጎልማሳነትን የሚናገር የራስ ጸጉር። ወደ መሀል አገር ስትዘልቁ ደግሞ ከ1936 እስከ 1941 ድረስ ጣሊያንን በዱር የተዋጉት አርበኞች ጎፈሬ አለ። የእነዚያን ሰዎች ፎቶ ያየ ሰው ጸጉራቸው ራሱ የነጻነት መሐላ እንደነበር ይገባዋል። በሐረርጌዋ ኢጀርሳ ጎሮ የተወለዱት ዐፄ ኃይለ ሥላሴም ምስላቸው በብርና በሳንቲም ላይ ሲወጣ ጺማቸው አብሮ የመንግሥት ምልክት ሆኖ ኖሯል።

ይህ በእኛ ብቻ የሚታይ አይደለም። ፖርቱጋሎች ወደ ኢትዮጵያ ጦር በላኩ በአምስት ዓመቱ፣ በ1546፣ በሕንድ የነበረው ገዥያቸው ጆአዎ ዴ ካስትሮ በጦርነት የፈረሰውን የዲዩን ምሽግ መልሶ ለመገንባት ገንዘብ አጠረው። ለጎዋ ከተማ ነዋሪዎች የብድር ደብዳቤ ጻፈና መያዣ እንዲሆን ከጺሙ ጥቂት ጸጉር ቆርጦ ላከላቸው። ነዋሪዎቹም ገንዘቡን ሰጡት፤ ጺሙንም አብረው መለሱለት። ይህን ያነሳሁት በምክንያት ነው። ዛሬም ከጺም ወደ ራስ የሚደረገው ዝውውር በመሠረቱ ብድር ነው። አንዳንዱ ብድር ግን አይመለስም።

የመጀመሪያዎቹ ሙከራዎች

ጸጉርን ከአንድ የሰውነት ክፍል ነቅሎ ሌላው ላይ የመትከል ሐሳብ ዕድሜው ከሁለት መቶ ዓመት በላይ ነው። በ1822 በጀርመን ዉርዝቡርግ ከተማ ዮሐን ፍሪድሪሽ ዲፈንባህ የሚባል ወጣት የሕክምና ተማሪ የመመረቂያ ጽሑፉን ስለ ንቅለ ተከላ አዘጋጀ። ሰው የሚጎዳበት ቦታ ሲያጣ ራሱን መሞከሪያ አደረገ፤ ከራሱ ላይ ጥቂት ጸጉሮች ነቅሎ በመርፌ ክንዱ ላይ ተከላቸው። አንዳንዶቹ ደረቁ፣ አንዳንዶቹ ቆስለው ወጡ፣ ጥቂቶቹ ጸደቁ። ዲፈንባህ በኋላ የታወቀ ቀዶ ሐኪም ሆነ፤ የጸጉሩ ሙከራ ግን ለብዙ አሥርት ዓመታት ተከታይ አላገኘም። የዉርዝቡርግን ስም ያዙልኝ፤ ወደ ሐረርጌ ስንመጣ እንደገና እናገኘዋለን።

ቁም ነገሩ የመጣው ከጃፓን ነው። በ1939 ሾጂ ኦኩዳ የተባለ የቆዳ ሐኪም በእሳት የተቃጠሉና ጠባሳ የተረፋቸውን ሰዎች ያክም ነበር። በትንሽ ክብ የብረት መብሻ ጸጉር ያለበትን ቆዳ ከነሥሩ እየነቀለ፣ ጠባሳው ላይ በተመሳሳይ መንገድ በተከፈቱ ቀዳዳዎች ውስጥ ይከታል። በዚህ መንገድ የራስ ጸጉርን ብቻ ሳይሆን ቅንድብንና ሪዝንም መልሶ አበቀለ። እዚህ ላይ ልብ በሉ፦ ጉዞው የተጀመረው በተቃራኒው አቅጣጫ ነው። ያኔ ራስ ለጋሽ፣ ፊት ተቀባይ ነበር።

ኦኩዳ ጽሑፉን ያወጣው በጃፓንኛ ነው፤ ወዲያውም የሁለተኛው የዓለም ጦርነት ተቀሰቀሰ። የምዕራቡ ዓለም ሐኪሞች የሠራውን ሳያውቁ ዓመታት አለፉ።

ቅንድብ ያጡ ሰዎች

አሁን ወደ ልብ የሚገባው ክፍል ደረስን። በ1953 ሌላው ጃፓናዊ ሐኪም ፉጂታ ይህንኑ ጥበብ ለሥጋ ደዌ ሕመምተኞች ቅንድብ መሥሪያ አደረገው።

ለምን ቅንድብ? የሥጋ ደዌ ባክቴሪያ ቀዝቀዝ ያለውን የሰውነት ክፍል ይወዳል፦ አፍንጫ፣ ጆሮ፣ እጅ፣ እግር፣ ቅንድብ። ደም የሚዘዋወርበትና ሞቅ ያለው የራስ ቅል ቆዳ ግን ብዙውን ጊዜ ይተርፋል። ስለዚህ ሕመምተኛው የራሱ ጸጉር ሙሉ ሆኖ ቅንድቡ ከዳር ጀምሮ ይረግፋል። መድኃኒት ወስዶ ከበሽታው ቢድንም ፊቱ ይመሰክርበታል። ቅንድብ የሌለው ሰው ገበያ ሲገባ ሰው ይሸሸዋል፤ ሚስት ይከለከላል፤ ሥራ ያጣል። ጃፓን ሕመምተኞቿን አጥር ውስጥ የሚያስቀምጠውን ሕግ የሻረችው በ1996 ነው። በዚያ ዓለም ውስጥ ሁለት መስመር ቅንድብ ማለት የመውጫ ፈቃድ ማለት ነበር።

በሕንድ ቬሎር ይሠራ የነበረው እንግሊዛዊ ቀዶ ሐኪም ፖል ብራንድም ከራስ ቅል ላይ ጸጉር ያለበትን ቆዳ ከነደም ሥሩ እያሻገረ ቅንድብ ይሠራ ነበር። ከዚህ ሥራ የሚነገር አንድ ነገር አለ። አዲሱ ቅንድብ ማደጉን አያቆምም። ከራስ የመጣ ነውና እንደ ራስ ጸጉር ይረዝማል፤ ባለቤቱ በየጊዜው በመቀስ ማሳጠር አለበት። ከሕመምተኞቹ አንዳንዶቹ ግን ማሳጠሩን ትተው ደስ ብሏቸው አስረዘሙት። ለዓመታት ባዶ ግንባር ይዞ ለኖረ ሰው የተንጠለጠለ ቅንድብ አሳፋሪ አይደለም።

ይህ ታሪክ የሩቅ አገር ታሪክ መስሎ እንዳይታያችሁ። በሐረር የካፑቺን ሚሲዮናውያን የሥጋ ደዌ ሕመምተኞች መጠለያ የከፈቱት በ1901 ነው። በ1957 ደግሞ ጥቂት ጀርመናውያን በሐረር አካባቢ የነበሩትን ሕመምተኞች ለመርዳት አንድ ማኅበር አቋቋሙ፤ ከዚያም ሥራ ከሐረር ወጣ ብሎ የሚገኘው የቢሲዲሞ ሆስፒታል ተወለደ። ማኅበሩ የተመሠረተበት ከተማ ማን ይመስላችኋል? ዉርዝቡርግ። ዲፈንባህ ጸጉሩን ክንዱ ላይ የተከለባት ያቺው ከተማ። በ1965 አዲስ አበባ ላይ አለርት ሲቋቋም ከጠንሳሾቹ አንዱ ፖል ብራንድ ነበር፤ ዓላማውም በሥጋ ደዌ የተጎዳን እጅ፣ እግርና ፊት መጠገንን ለአፍሪካ ሐኪሞች ማስተማርን ይጨምር ነበር።

እንግዲህ በርጫ ላይ "ጸጉር ማስተከል የሀብታም ቅንጦት ነው" የሚል ሰው ሲያጋጥማችሁ ይህን ንገሩት። ጥበቡ መንገዱን የጠረገው በእሳት የተቃጠሉና ማኅበረሰቡ የገፋቸው ሰዎች ፊት ላይ ነው።

ዘር ከልጓም ይስባል

በ1952 ኒውዮርክ ላይ ኖርማን ኦሬንትራይክ የተባለ የቆዳ ሐኪም አንድ ቀላል ሙከራ አደረገ። ከመላጣ ሰው ማጅራት ጸጉር ያለበትን ትንሽ ቆዳ ወስዶ መላጣው ላይ ተከለ፤ ከመላጣው ደግሞ ወስዶ ጸጉር ያለበት ቦታ ላይ ተከለ። ከማጅራት የመጣው መላጣው ላይ ሆኖ ማደጉን ቀጠለ። ከመላጣው የሄደው ደግሞ ጸጉር መሀል ተተክሎም መላጣ ሆኖ ቀረ። ሐኪሙ ውጤቱን በ1959 አሳተመ፤ ሐሳቡንም የለጋሽ የበላይነት ብሎ ሰየመው። በቀላሉ ስንለው፣ ጸጉር የሚሰማው የተወለደበትን ቦታ እንጂ የተተከለበትን አይደለም። የእኛ ሰዎች ይህንን ከጥንት ጀምሮ በሦስት ቃል ተናግረውታል፦ ዘር ከልጓም ይስባል። የብራንድ ሕመምተኞች ቅንድብ የረዘመውም በዚሁ ምክንያት ነው።

ግን የማጅራት ጸጉር ለምን አይረግፍም? መልሱ ከጥንት ጀምሮ ፍንጭ ነበረው። የጥንት ግሪክ ሐኪሞች ጃንደረባ መላጣ እንደማይሆን ጽፈዋል። በ1942 አሜሪካዊው ጄምስ ሃሚልተን ይህንን በጥናት አረጋገጠ። ለአካለ መጠን ሳይደርሱ የተሰለቡ ወንዶች መላጣ አይሆኑም፤ የወንድ ሆርሞን ሲሰጣቸው ግን በዘራቸው መላጣ ካለ ጸጉራቸው መርገፍ ይጀምራል። በ1974 ደግሞ በዶሚኒካን ሪፐብሊክ በአንዲት መንደር ቴስቶስትሮንን ወደ ሌላ ኃይለኛ ሆርሞን የሚለውጥ ኢንዛይም በተፈጥሮ የሚጎድላቸው ወንዶች ተጠኑ። ጺማቸው ስስ ነው፤ የግንባራቸው ጸጉር ግን ወደ ኋላ አይሸሽም።

የነገሩ ምስጢር ይህ ነው፦ አገጭ ላይ ጺም የሚያበቅለውና አናት ላይ ጸጉር የሚያረግፈው ሆርሞን አንድ ነው። ያው ዝናብ አንዱን ማሳ ያለመልማል፣ ሌላውን ያጥባል። መላጣ ሆኖ ጺሙ ደረቱ ላይ የተንዠረገገ ሰው ማየት የማይገርመው ለዚህ ነው። ከዚህ የሚከተለው ጥያቄ ግልጽ ነው። ጸጉር የተወለደበትን ቦታ የማይረሳ ከሆነና ጺም ይህን ሆርሞን የሚወድ ከሆነ፣ ጺምን ነቅለን አናት ላይ ብንተክለው አናትን ያራቆተው ሆርሞን ምን ያደርገዋል? ምንም አያደርገውም።

ጺም ለጋሽ የሆነበት ዘመን

መልሱ ቢታወቅም እጁ አልደረሰም ነበር። የቀድሞው ዘዴ ከማጅራት ረዘም ያለ የቆዳ ቁራጭ ቆርጦ መስፋትን ይጠይቃል፤ ይህንን አገጭ ላይ የሚያደርግ ጤነኛ ሐኪም የለም። በር የከፈተው እያንዳንዱን የጸጉር ሥር ከአንድ ሚሊሜትር በማይበልጥ መብሻ ለየብቻ የማውጣት ዘዴ ነው። በ2002 አሜሪካውያኑ ራስማንና በርንስታይን ይህን ዘዴ በሕክምና መጽሔት ላይ አስተዋወቁት። በ2004 አውስትራሊያውያን ሐኪሞች የደረት ጸጉር ራስ ላይ ተተክሎ ከቀድሞው በላይ እንደረዘመ ዘገቡ። በ2016 ደግሞ በካሊፎርኒያ የሚሠራው ሐኪም ሳኑሲ ኡማር ጺምን ጨምሮ የሰውነት ጸጉር የተተከለላቸውን 122 ሰዎች ተሞክሮ አሳተመ።

ከሰውነት ጸጉር ሁሉ ጺም የተመረጠበት ምክንያት አለው። ወፍራም ነው፤ አንድ የጺም ጸጉር ከአንድ የራስ ጸጉር የበለጠ ቦታ ይሸፍናል። ከደረትና ከእግር ጸጉር በተሻለ ይጸድቃል። የሚነሳውም ብዙውን ጊዜ ከአገጭ ሥርና ከመንጋጭላ በታች ስለሆነ ፊት ለፊት አይታይም።

ጉድለትም አለው። የራስ ጸጉር ከአንድ ሥር ሁለት፣ ሦስት፣ አንዳንዴም አራት ሆኖ ይወጣል፤ ጺም በአብዛኛው ለየብቻው ነው። ሸካራነቱ ግንባር ዳር ላይ ቢተከል ያስታውቃል። ስለዚህ ጥሩ ሐኪም ግንባሩን በማጅራት ጸጉር ይሠራና ጺሙን መሀል አናት ላይ ከራስ ጸጉር ጋር ቀላቅሎ ይተክለዋል። ፎቶው ላይ ያየነው የወጣቱ ዘመድም የተሠራው እንዲሁ ነው። ተተክሎ በሳምንታት ውስጥ ጸጉሩ ይረግፋል፤ ሥሩ ግን አለ። ከሦስትና አራት ወር በኋላ መብቀል ይጀምራል፤ ሙሉ ውጤቱ የሚታየው በዓመቱ ነው።

ተራኪ ሆኜ የምሠወረው እንዳይኖር አንድ ነገር ልጨምር። ዘር ከልጓም ይስባል ብለን ልጓሙን ጨርሰን አንናቅ። አንድ ኮሪያዊ ሐኪም ከራሱ ማጅራት ጸጉር ነቅሎ እግሩ ላይ ተክሎ ለዓመታት ከተከታተለው በኋላ ውጤቱን በ2002 አሳተመ። ጸጉሩ በቀለ፤ ነገር ግን ዕድገቱ ዘገየ። አፈሩም የራሱ ድርሻ አለው ማለት ነው። የጺም ጸጉርም አናት ላይ ምን ያህል እንደሚረዝም ከሰው ሰው ይለያያል። "እንደ ራስህ ጸጉር ይሆናል" ብሎ የሚምልላችሁን ሰው ጠርጥሩ።

የእኛ ጸጉር፣ የእኛ ቆዳ

ይህን ሁሉ የጻፍኩበት ዋና ምክንያት አሁን ይመጣል።

የጭሮ ልጅ የሆነ አንድ የማውቀው ሰው አለ። ስሙን አልጠራም፤ የታከመበትን ቦታም አልጠራም። ከአገር ውጭ ሄዶ ጸጉር አስተከለ። የማጅራቱ ጸጉር አልበቃ ሲል "ጺምህ ሙሉ ነው፣ ከዚያ እንጨምራለን" አሉት። ጥያቄው የቀረበለት ማደንዘዣ ተወግቶ ወንበሩ ላይ ከተቀመጠ በኋላ ነው። እሺ አለ። ቋንቋቸውን አያውቅም፤ ብሩን ከፍሏል፤ የቤተሰቡ የጫት ማሳ ገቢ ነው የተሸጠው። ምን ይበል? ዛሬ አናቱ ላይ የተተከለው ግማሹ አልጸደቀም። አገጩ ሥር ደግሞ ነጫጭ ነጥቦችና ሁለት የተነሱ ጠባሳዎች ቀርተዋል። ጺሙን ቢያሳድግ ሳስቶ ይታያል፤ ቢላጨው ጠባሳው ይወጣል። ለቅሶ ቤት ሲቀመጥ ሻርፑን እስከ አገጩ ይጠመጥማል። አንድ ቀን "የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚሉት እኔን ነው" አለኝ።

ይህ ሰው ዕድለ ቢስ ብቻ አይደለም፤ ያልተነገረው ነገር ነበር። የእኛ ጸጉር ከቆዳ በላይ እንደሚጠቀለል ሁሉ ከቆዳ በታችም ሥሩ ይታጠፋል። ቀጥ ያለ ጸጉር ሲያወጣ የኖረ እጅ መብሻውን ቀጥ አድርጎ ከሰደደው የታጠፈውን ሥር መሀሉ ላይ ይቆርጠዋል፤ የተቆረጠ ሥር ደግሞ አይጸድቅም። ጺም ላይ ይህ ይብሳል። ጺሙን ተላጭቶ በማግስቱ አንገቱ ላይ ሽፍታ የሚወጣበት ሰው ምክንያቱን ያውቀዋል፤ ጸጉሩ ተጠቅልሎ ተመልሶ ወደ ቆዳው ይገባል። ሁለተኛው ኬሎይድ የሚባለው፣ ከቁስሉ በላይ የሚያድገው ጠባሳ ነው። ጥቁር ቆዳ ላይ በብዛት ይታያል፤ መንጋጭላ ደግሞ ከሚወዳቸው ቦታዎች አንዱ ነው። ጆሮዋን ተበስታ እብጠት የወጣባት እህት ያለችው ሰው ይህንን ከመንካቱ በፊት ሁለቴ ማሰብ አለበት።

ሦስተኛው ከሁሉም ይከፋል። በ2016 በሕንድ ቼናይ ከተማ አንድ ወጣት የሕክምና ተማሪ ፈቃድ በሌለው ቦታ ጸጉር ሲያስተክል ታሞ ሕይወቱ አለፈ። ነገሩ ቀላል ይመስላል፤ ቀዶ ሕክምና መሆኑን ግን መርሳት የለብንም። ማደንዘዣ አለ፣ ደም አለ፣ ለሰዓታት ክፍት የሆኑ በሺህ የሚቆጠሩ ቀዳዳዎች አሉ።

ታዲያ ምን ይሁን?

እኔ ጸጉር የሚያስተክለውን ሰው ከሚያሾፉበት ወገን አይደለሁም። ታሪኩ ራሱ ይህንን አስተምሮኛል። ቅንድብ ላጣ ሰው ቅንድብ ምን እንደሆነ ከሐረርጌ የበለጠ የሚያውቅ አገር የለም። በልጅነቱ በቆረቆር የራሱ ቆዳ የተጎዳ፣ ማድቤት በእሳት የተቃጠለ፣ በመኪና አደጋ ጠባሳ የተረፈው ወጣት በየከተማችን አለ፤ ጭሮ፣ ሂርና፣ በዴሳ፣ መቻራ። ለእነዚህ ሰዎች ማጅራታቸው ካልበቃ ጺም ትልቅ ተስፋ ነው። እህቶቻችን ግን ይህ መጠባበቂያ የላቸውም፤ ስለዚህ ልጆቻችንን ሹሩባ ስናሠራ ግንባራቸው እስኪወጠር አጥብቆ ማሠራቱ ይቅር። እየተጎተተ የሳሳ ጸጉር ኋላ ሥሩ ይሞታል።

ጺምን በተመለከተ የምለው አንድ ነገር ነው፦ ጺም የመጨረሻ ብድር እንጂ የመጀመሪያ አይደለም። ማጅራት ላይ ያለው ጸጉር በዕድሜ ልክ የሚበቃው ለጥቂት ሺህ ሥሮች ነው፤ በእኛ ጸጉር ደግሞ የሥሩ ብዛት ቀነስ ይላል። የ25 ዓመት ወጣት መላጣው የት እንደሚቆም ገና አይታወቅም። ዛሬ ማጅራቱንም ጺሙንም አሟጦ ግንባሩን ቢያስሞላ፣ በ40 ዓመቱ ከኋላው አዲስ ሜዳ ሲከፈት ከየት ያመጣል? ሐኪሙ ይህን ጥያቄ ራሱ ካላነሳ ሐኪም አይደለም፣ ሻጭ ነው።

ከመክፈላችሁ በፊት እነዚህን ጠይቁ። መብሻውን የሚይዘው ሐኪሙ ነው ወይስ ረዳት? እንደ እኛ የተጠቀለለ ጸጉር ያላቸው ሰዎችን ሠርቶ የዓመት ውጤታቸውን ማሳየት ይችላል? ከአገጭ ሥር በመጀመሪያ ጥቂት ብቻ አውጥቶ ቁስሉ እንዴት እንደሚድን ወራት ጠብቆ ለማየት ፈቃደኛ ነው? ከጺም የሚወሰደው ቁጥር ወንበር ላይ ከመቀመጣችሁ በፊት በጽሑፍ ተቀምጧል? ለአራቱም ጥሩ መልስ ካላገኛችሁ ጫማችሁን አድርጉና ውጡ።

በሃይማኖት በኩል ለሚጠይቁኝ፦ ዓለም አቀፉ የእስልምና ፊቅህ አካዳሚ በ2007 ማሌዥያ ፑትራጃያ ላይ ባደረገው ጉባኤ ለረገፈ ጸጉር ንቅለ ተከላን ፈቅዷል። ጺምን መንካት ግን ራሱን የቻለ ጥያቄ ነው፤ እሱን የአካባቢያችሁን ዑለማ ጠይቁ እንጂ እኔን አትጠይቁኝ።

ይህንን ሁሉ ይዤ በሌላ ጊዜ ወደ ገለምሶ ስመለስ ጺማቸውን በሂና ያቀሉትን አባት አገኘኋቸውና ነገርኳቸው። ስለ ዉርዝቡርግ፣ ስለ ቢሲዲሞ፣ ጸጉር የተወለደበትን ቦታ እንደማይረሳ። በዝምታ ሰሙኝና ስለ ሦስቱ ሰዎች የሚተርከውን የታወቀ ሐዲስ አስታወሱኝ፤ ስለ ለምጻሙ፣ ስለ መላጣውና ስለ ዓይነ ስውሩ። መላጣው ጸጉር ተመኘና ተሰጠው፤ ከብትም ተጨመረለት። ኋላ ችግረኛ ሲለምነው ግን ሀብቴ ከአባቶቼ የወረስኩት ነው ብሎ ከለከለ፤ ወደ ነበረበትም ተመለሰ።

"አየህ ልጄ" አሉኝ፣ "ጸጉር መመኘቱ ጥፋት አልሆነበትም። ጥፋቱ ከየት እንደመጣለት መርሳቱ ነው። አንተ ያመጣኸው ወሬ እውነት ከሆነ ጸጉሩ ከሰውየው ይሻላል፤ የመጣበትን አልረሳም።"

ሰላም ሁኑ።